ሦስቴ የሚረገጥ ፍሬን

በቅሎ ገበያ ገብታችሁ የምታውቁ ሰዎች እናንተው ፍረዱ። አጋሰስ ሊገዛ የመጣ ሰው ጥርሷን ይገልጣል፤ ኮቴዋን አንሥቶ በድንጋይ ይመታል፤ ኮርቻዋን አውርዶ ጀርባዋን በመዳፉ ይዳስሳል። በዚህም አያምንም። ዳገት ያወጣታል፤ ቁልቁለት ያወርዳታል። ይህ ሁሉ ጣጣ ሁለት ሥልቻ እህል ለምትሸከም ከብት ነው። ሃያ ሰው ከነጭነቱ የሚሸከም ካሚዮን እንዴት እንደሚመረመር ደግሞ ልንገራችሁ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ጣሊያን ማርቆስ ከገባ አራተኛው ዓመት ነበር። ልጄ እንዳላማው ሲኞር ብሩኖ የሚባል የጣሊያን ነጋዴ ካሚዮን ይነዳል። ከማርቆስ አምበር፣ ከአምበር ማርቆስ ጨውና ጨርቅ፣ እህልና ሰው ያመላልሳል። ግማሹ ጎረቤት ባንዳ ይለዋል፤ ግማሹ ደግሞ «እባክህ ጨው ስትመጣ አስቀርልኝ» ይለዋል። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚለው አለ። እኔን ግን የሚያስፈራኝ ስድቡ አልነበረም፤ ብረቱ ነበር።

ያን ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ካሚዮኖቹ ከጣሊያኖቹ ግቢ በር ላይ ተሰልፈው የዓመቱን ምርመራ ይጠብቃሉ። መርማሪው ሹም ከባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ወንበሩን አስጠግቶ ተቀምጧል። ሲኞር ብሩኖ ሄዶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ ተሳሳቁ፤ ሲጋራ ተለኳኮሱ። በመጨረሻ ሹሙ ከወንበሩ ተነሣ። ሊያይ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወደ ልጄ ካሚዮን ተጠጋና የፊት ጎማውን በጫማው ረገጠው። አንድ ርግጫ! ሥሩን አላየ፤ ሞተሩን አልከፈተ፤ ልጄን «እስቲ ንዳው፣ እስቲ አቁመው» አላለ። ከኪሱ ክብ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ ጀርባውን ላሰና መስተዋቱ ላይ ለጠፈው። ቦሎ ይሉታል።

«አለቀ?» አልኩት ልጄን።

«አለቀ እምዬ። ቦሎ ተሰጠን እኮ! እስከ መጪው ዓመት ማንም አይነካንም።»

«ካሚዮኑንስ ማን ነካው?»

«ሹሙ አየው አይደል?»

«ሹሙ ያየው ሲጋራውን ነው።»

ሳቀብኝ። እኔ ስናገር መሳቅ በቤታችን የቆየ ልማድ ነው። እፈራለሁ፤ አልክድም። ባሕር ዛፉ ቤቱ ላይ ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ። ሲዘንብ ጎርፍ፣ ሲያባራ ድርቅ ይታየኛል። ሟቹ ባለቤቴ ፈንታ «የብርጓል የነገን ለቅሶ ዛሬ ትጨርሳለች» ይል ነበር። ይሁን። ግን ፈሪ ሁሉ በሁሉ ነገር ይሳሳታል ያለው ማን ነው? አሥር ጊዜ በከንቱ የፈራ ሰው በአሥራ አንደኛው እሳት ቢያይ እሳቱ ጥላ ይሆናል?

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እንዳላማው ካሚዮኑን ይዞ መጣና እኔንና ሚስቱን ያለምወርቅን ጋቢና አስገባን። ያለምወርቅ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን እንደ ወጉ እናቷ ቤት ልትወልድ አምበር ልትወርድ ነው። እሱም በገበያ ቀን በካሚዮኑ ሊያደርሳት አስቦ፣ «ሚስቴን በበቅሎ አልሰድም፤ እንደ ወይዘሮ ጋቢና አስቀምጬ ነው የምወስዳት» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቷል። መስተዋቱ ላይ ቦሎው አለ። ከቦሎው ጎን የእመቤታችንን ሥዕል ለጥፏል።

እሱ መንገዱን ሲያይ እኔ እግሩን አየሁ። ሲራራ ነጋዴ ያገባች ሴት ልማዷ ነው፤ መጀመሪያ እግር ታያለች። ከቤታችን ደጃፍ ሊያቆም ሲል ፔዳሉን ረገጠ፤ ካሚዮኑ እንዳልሰማ ዝም ብሎ ሄደ። ደግሞ ረገጠ፤ ትንሽ ቀዝቀዝ አለ። በሦስተኛው የአጥራችንን ጫፍ ገፋ አድርጎ ቆመ።

«ለምንድን ነው ሦስቴ የረገጥኸው?»

«ጠባዩ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«እኔ እንጃ፤ ከክረምቱ ወዲህ ነው መሰለኝ። ፍሬኑ አንዴ ስትረግጪው አይሰማም፤ ሦስተኛው ላይ ይይዛል። ለምጄዋለሁ።»

«አንተ ለምደኸዋል። ቁልቁለቱስ ለምዶታል?»

ያለምወርቅ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችና ሆዷን ያዘች።

ወደ ማታ ካሚዮኑን ሊመልስ ሲያስነሣ የኋላ ጎማው ቆሞበት የነበረው መሬት ርሶ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ነካሁት፤ ጣቴን አሸተትኩት። ዘይት ነው። እጄን ዘርግቼ በመስኮቱ አሳየሁት።

«ይህን ለሲኞርህ ነግረሃል?»

«ነግሬዋለሁ። ቦሎ አለው አለኝ።»

«አንተስ ምን አልኸው?»

«ምን ልበለው? አለው እኮ! መንግሥት ደህና ነው ያለውን እኔ ታሟል ልበል?»

«የማን መንግሥት ነው ልጄ? ያ ከሰማይ ቦምብ የጣለብን? ሊገድልህ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው ‹አትሞትም› ብሎ ማኅተም ቢመታልህ ታምነዋለህ?»

«ኧረ ቀስ በይ እምዬ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ! መሪውን የያዘው ሹሙ ነው አንተ? አንድ ቀን እንኳ ከሥሩ ገብተህ አይተኸዋል?»

«ጊዜ የት አለኝ። ደግሞ እሷ አለች» አለና ሥዕሉን በአገጩ አመለከተኝ።

«እመቤታችንን ፍሬን አድርገህ ቀጠርሃት?»

ፊቱ ጠቆረ። ሞተሩን አስጮኸብኝና ሄደ።

እጄን በአመድ እያሸሁ ስታጠብ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። ጣሊያኑ አይደለም ያቃጠለኝ። ጣሊያን ጠላት ነው፤ ከጠላት ምን ትጠብቃላችሁ? የገዛ ልጄ ነው። ያውቃል! ሦስቴ እንደሚረገጥ እያወቀ በየገበያው ቀን የሰው ልጅ ይጭንበታል። ያላወቀ ሰው ይነገረዋል። አውቆ የለመደን ሰው ምን ብለው ይነግሩታል?

አባቱ እንዲህ አልነበረም። ፈንታ ከጓደኛው ከበሽር ጋር በቅሎ እየነዱ ዓባይን ሲሻገሩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው። ማለዳ ጭነት ከመጫኑ በፊት የገዛ በቅሎውን ጀርባ ራሱ የሚያይ ነጋዴ የለም። ፈንታ የበሽርን ያያል፤ በሽር የፈንታን ያያል። አንድ ቀን «የራስህን ለምን ራስህ አታይም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ባለቤቱ ሲያይ ዓይኑ ገበያው ላይ ነው፤ ቁስሉን አያይም» አለኝ። ጓደኛው እጁን ከኮርቻው ሥር አስገብቶ ጀርባዋን ይዳስሳል። ቆስላ ካገኛት «ገጥባለች!» ይላል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ገበያው ይለፍ፣ ዝናቡ ይምጣ፣ ጭነቱ ይወርዳል። «ጀርባዋን እይልኝ» የተባለም ሰው እምቢ አይልም፤ ቢጣላ እንኳ አይቶ ነው የሚጣላው። እምቢ ያለ፣ ወይም ተነግሮት የጫነ ሰው፣ ነጋዴው በሚሰፍርበት ቦታ ሁሉ እሳት የሚያካፍለው አያገኝም።

ልጄ ይህን እያየ ነው ያደገው። ካሚዮን ግን ጀርባ የለውም ብሎ አሰበ መሰለኝ።

የገበያው ቀን ማለዳ አደባባዩን ጭጋግ ሸፍኖታል። ስደርስ ካሚዮኑ ሞልቷል። ከታች ጆንያ፣ ከጆንያው ላይ ሰው፣ ከሰው ጉልበት ላይ ዶሮ። እማሆይ ወለተ ኪዳን የሚባሉ መነኩሴ ከሁሉም በላይ ተደላድለው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ያለምወርቅ የስንቅ በሶዋን ታቅፋ ጋቢና ተቀምጣለች። እንዳላማው የለም፤ ቁርሱን ሊቀምስ ሄዷል አሉኝ። በሽርን ግን የአቡጀዲ ጣቃውን ሲያስጭን አገኘሁትና ወደ ጎን ጠራሁት። ፈንታ ከሞተ ወዲህ ጸጉሩ ነጥቷል፤ ምላሱ ግን አላረጀም።

«በሽር፣ ጀርባውን እይልኝ።»

«የምኑን?»

«የካሚዮኑን።»

ከት ብሎ ሳቀ። «አንቺ ሴት፣ እርጅና እንኳ አላዳነሽም? ጉጉት ጮኸ ብለሽ ስምንት በቅሎ ያስራገፍሽውን ረሳሽው? ‹ዓባይ ሞልቶ በሕልሜ አየሁ› ብለሽ በጠራራው በጋ ፈንታን ከቤት አላስወጣ ያልሽውንስ?»

«አልረሳሁም።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ጮኸብሽ? ቁራ ነው?»

«ዛሬ ወፍ አልሰማሁም፤ ሕልምም አላየሁ። ዘይት ነው ያየሁት።»

ሳቁን ተወ። ወደ ካሚዮኑ ዞሮ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ የጨርቅ ነጋዴ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ?»

«ለማወቅ አልጠራሁህም። ከኋላ ጎማው በስተውስጥ እጅህን አስገባ። ደርቆ ከወጣ እኔ ተሳስቻለሁ፤ ዳግመኛ አፌን አልከፍትም።»

«እሱን ቀን እንኳ በዕድሜዬ አላየውም» አለ በሽር።

ግን ሄደ። ጀርባውን እይልኝ ተብሎ እምቢ ማለት ከደሙ የለም። ነጭ ጀለቢያውን ሰብስቦ ከኋላ ጎማው ሥር በሆዱ ገባ። ከላይ የተሳፈሩት «አባ በሽር፣ ምን ጠፋብዎ?» «ኧረ ካሚዮኑ እንቁላል ጥሎ እንደሆነ ለኛም አካፍሉን!» እያሉ ይሳለቃሉ። በሽር እየተንፏቀቀ ወጣና መዳፉን ለሁሉም አነሣው። እስከ አንጓው ጠቁሮ ይንጠባጠባል።

«ገጥቧል!» አለ፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ድምፁን ሰፈር እንዲሰማው አድርጎ።

በኛ አገር ይህን ቃል የማያውቅ ገበያተኛ የለም። ሳቁ ቀጥ አለ። አንዱ ጆንያውን ወረወረ፤ ሌላው ዘለለ፤ ዶሮዎቹ ተንጫጩ። እማሆይ ዳዊታቸውን አጥፈው «አውርዱኝ ልጆቼ፤ የቀረኝን መሬት ላይ እደግመዋለሁ» አሉ።

እንዳላማው አፉን እየጠረገ ሮጦ መጣ።

«ምንድን ነው? ማን ውረዱ አላችሁ? ጋሽ በሽር፣ ምን እያደረጉ ነው? ይህ በቅሎ ነው እንዴ?»

«በቅሎ ቢሆንማ ሲያመው ራሱ ይቆም ነበር ልጄ» አለው በሽር።

ሲኞር ብሩኖም ደረሰ። ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፍቶ መስተዋቱን በጣቱ ይደበድብ ጀመር። «ቦሎ አለ! ቦሎ! አይታይም? ምን ፈልግ?»

«ኧረ ይታየናል ሲኞር» አሉ እማሆይ ወለተ ኪዳን። «እርስዎ ቦሎውን ጋልበው ይቅደሙ፤ እኛ በእግራችን እንከተላለን።»

አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ሲኞር ብሩኖ ቃሉ ባይገባውም ሳቁ ገባው። እንደ በርበሬ ቀላና ወደ ልጄ ዞሮ «ንዳ!» ብሎ ጮኸበት።

ጋቢና የቀረችው ያለምወርቅ ብቻ ነበረች።

«ውረጂ» አልኳት።

«ተቀመጪ!» አላት ባሏ።

«እሜቴ፣ ምን ላድርግ...» አለችኝ። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየችና በመጨረሻ ፊቷን ወደሱ መለሰች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሰዉ ሁሉ ጸጥ ስላለ ሁሉም ሰማት። «እንዳላማው፣ በማርቆስ ማልልኝና ልቀመጥ። አንዴ ብትረግጠው ይቆማል?»

ልጄ አፉን ከፈተ። ጭጋጉ መገፈፍ ጀምሮ የማርቆስ ቤተ ክርስቲያን በዛፎቹ መካከል ብቅ ብሏል። አየው፤ አፉን መልሶ ዘጋ።

«ሦስቴ ሲረገጥ...» አለ።

«ሦስቴ አላልኩህም። አንዴ።»

የያዘውን ማስነሻ ብረት በእጁ አገላበጠ። እሷም ሆዷን በአንድ እጇ፣ የበሶውን ቋጠሮ በሌላው ይዛ ወረደች። እኔም ደገፍኳት።

ሲኞር ብሩኖ የሞተሩን ማስነሻ ብረት ከልጄ እጅ ነጥቆ ከዳር ቆሞ ለነበረው ለአበረ ሰጠው። አበረ ሥራ ሲፈልግ የከረመ ነጂ ነው። ልጄን ሳያየው ዘሎ ገባ፤ በመሬት የቀረውን ጭነት ትቶ የሲኞሩን ጨው ብቻ ይዞ ሄደ።

ከዚያስ ምን ሆነ ብትሉኝ፣ ምንም አልሆነም። ካሚዮኑ አምበር ደርሶ ጀምበር ሳትጠልቅ በሰላም ተመለሰ። አበረ ጥሩምባውን እየነፋ በደጃችን አለፈ። በማግሥቱ ውሃ ልቀዳ ስወርድ «የብርጓል፣ ገጣባው ደረቀ እኮ!» የምትለኝ አላጣሁም። ገበያ ያለፋቸው ነጋዴዎች በሽርን «በሴት ወሬ አራገፍኸን» ብለው ዘለፉት። በሚቀጥለው ገበያ እነሱው መልሰው ተሳፈሩ። እንዳላማው ሥራ አጥቶ ቤት ዋለ። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ካሚዮኑ በመጣ ቁጥር ድምፁን ከሩቅ ይሰማል እንጂ እኔን አያናግረኝም። አንድ ቀን ብቻ «አየሽ አይደል? ደርሷል» አለኝ።

«ስንቴ ረግጦ?» አልኩት።

ተነሥቶ ቤት ገባ።

ንዴቴ ያን ጊዜ ነው የባሰው። እስካሁን አልገደለምና ደህና ነው ማለት ነው? ሕፃን ገደል አፍ ላይ ሲጫወት ብታዩት «ትናንትም አልወደቀ፣ ተዉት» ትላላችሁ? የፈራሁት ሳይደርስ ሲቀር ይስቁብኛል። የደረሰ ቀን ደግሞ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለቅሶ ይመጡና «የእግዜር ቁጣ ነው፣ ምን ይደረጋል» ይላሉ። በዚያ ቀን የዘይቱን ነገር የሚያነሣ የለም። እግዜር ዘይት አያፈስም! ያፈሰሰውን እያየ የሚነዳ ሰው ነው፤ ሳያይ ማኅተም የሚመታ ሰው ነው፤ ተነግሮት የሚሳፈር ሰው ነው።

የያለምወርቅ ቀን እየቀረበ ሲመጣ በሽር በቅሎውን ሰጠን፤ እሱም አምበር ጉዳይ ነበረውና አብሮን ሊሄድ መጣ። እኔም ልሸኛት ተነሣሁ። መንገዱ በእግር የሚዘልቅ ነው፤ ግን ከመውጣታችን በፊት ምን ምን ሊያጋጥመን እንደሚችል በልቤ ስቆጥር ማደሬን መናገር አያስፈልግም።

እንዳላማው ኮርቻውን ጫነ። መቀነቻውን ሊያጠብቅ ሲል በሽር እጁን ያዘው።

«በቅሎዋ የኔ ነች። ጀርባዋን እይልኝ።»

ልጄ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ እጁን ከኮርቻው ሥር አስገባ። ቆየ። ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ቀስ ብሎ ዳሰሰ፤ አወጣና በሌላው ጎን ደግሞ አስገባ። ሚስቱ የምትቀመጥበት ነው። ዓይኑ እንባ አዝሎ ነበር፤ ወይም ለኔ እንዲያ መሰለኝ።

«ደህና ነች» አለ። ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት ይመራት ጀመር።

ከአምበር ወዲህ አንድ ወንዝ አለ። መንገዱ ከአንድ ጉብታ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ በወዲህ በኩል ደግሞ ከጉብታው ወደ ማርቆስ የሚያመጣው ረጅም ቁልቁለት ነው፤ በአንድ በኩሉ ገደል። እኛ ጉብታውን አልፈን ወደ ወንዙ ስንወርድ የሞተር ድምፅ ሰማን። ካሚዮኑ ከአምበር ሰው ጭኖ ዳገቱን እያቃሰተ ወደኛ ይመጣል። ከላይ ነጠላና ጥላ ይታያል። እማሆይ ወለተ ኪዳንን እንኳ ከሩቅ ለየኋቸው። ከሁሉም በላይ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውም!

እንዳላማው የበቅሎዋን ልጓም እጄ ላይ ጣለ። ከመንገዱ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንከባሎ አመጣ፤ ሌላም አመጣ። ከዚያ መንገዱ መሐል ገብቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ አላውቅም። በዕድሜዬ የፈራሁት ሁሉ ያን ሰዓት ተሰብስቦ መንገድ ላይ የቆመ መሰለኝ። ፍሬን የለውም ብዬ ሰፈር ያስቸገርኩት እኔ፤ ከፊቱ የቆመው የኔ ልጅ!

«ዳገት ነው የብርጓል፤ ዳገት ላይ ነው የቆመው» አለኝ በሽር ክንዴን ይዞ። «ካሚዮን ዳገት ላይ ያለ ፍሬንም ይቆማል፤ ጉብታውን ካለፈ ግን ቁልቁለቱ አለ። ልጅሽ ሞኝ አይደለም።»

አበረ ጥሩምባውን ነፋ፤ በመስኮት ወጥቶ ተሳደበ። ልጄ አልተነቃነቀም። ካሚዮኑ እየደከመ፣ እየደከመ መጥቶ በክንድ ርቀት ቆመ።

«አብደሃል! ልገድልህ ነበር እኮ!»

«ፍሬኑን ያዝ አበረ» አለው።

«ይዣለሁ! ከመንገዴ ውጣ!»

«ያዘው አልኩህ!»

የቆመ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጠጠር ከጎማው ሥር ሲንጫጫ ሰማሁ። ካሚዮኑ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ እንደሚያፍር ሰው። ላይ ያሉት መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ጩኸቱ ወንዙ ድረስ ወረደ። ከጋቢናው የአበረ እግር ገጭ፣ ገጭ፣ ገጭ ይላል። እንዳላማው ድንጋዩን ታቅፎ ሮጦ ከኋላ ጎማው ሥር ወረወረው። ጎማው እንደ ሽንኩርት አሽቀንጥሮት አለፈ። ሁለተኛውን በሽር አቀበለው፤ እሱም ከጎማው ጋር አብሮ እየሮጠ ሸጎጠው። ካሚዮኑ ተንቀጠቀጠና ድንጋዩ ላይ ተደገፈ።

ሰዉ እንደ ባቄላ ተራገፈ። አንዱ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ፤ የአንዷ የቅቤ ቅል ተሰበረ፤ ሌላ ጉዳት የለም። አበረ ግን አልወረደም፤ መሪውን እንደጨበጠ እግሩ አሁንም ይረግጣል።

እንዳላማው በሩን ከፈተለት። «ስንቴ ረገጥህ?»

«አል... አልቆጠርኩም» አለ አበረ። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

እኔ ልጓሙን ለያለምወርቅ ሰጥቼ መወጣጫው ላይ ወጣሁ። ያን የተላሰ ወረቀት በጥፍሬ ልፍቀው ከመስተዋቱ ጋር ታገልኩ።

«ተይው እምዬ» አለኝ ልጄ። «ባለበት ይቆይ። ሲኞሩ ሲመጣ ድንጋዩንና ቦሎውን አብሮ ይይ። የትኛው እንዳቆመው እሱ ይንገረን።»

ወረድኩ። ሰዎቹ ከበውኝ ቆመዋል። ውሃ ስቀዳ የሳቁብኝ፣ በሽርን የዘለፉት፣ ሁሉም አሉ። አንዷ «የብርጓል፣ እኛ እኮ...» ብላ ጀመረች።

«ምንም አትበይኝ! ገጥቧል ተብሎ ሰምተሽ ተሳፈርሽ!»

ወዲያው የልጄ እግሮች ከካሚዮኑ ሥር ወጥተው አየሁ። ገብቷል! ከክረምት ጀምሮ ጊዜ ያጣለት ሰውዬ አሁን፣ በአንዲት ድንጋይ በተያዘ ካሚዮን ሥር፣ በጀርባው ተንጋሎ ገብቷል። 

«ውጣ! ድንጋዩ ቢያዳልጥስ? ውጣ!»

«ቆይ እምዬ፣ ልየው» የሚል ድምፅ ከሥር መጣ።

እንደማይወጣ ገባኝ። ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ? ድንጋይ አምጡ!»

አመጡ። የሳቁብኝ ሁሉ ነጠላቸውን አሸርጠው ከወንዙ ጠርዝ ድንጋይ እየተሸከሙ መጡ። አበረም መጣ። እማሆይም አንዲት ትንሽ ድንጋይ በሁለት እጃቸው ይዘው መጥተው «ለኔ ኃጢአት ትበቃለች» ብለው አኖሩ። በያንዳንዱ ጎማ ሥር ተከመረ። ከሥር የብረት ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ የልጄ መዳፍ ብቻዋን ወጣች። እስከ አንጓዋ ጠቁራለች።

«ገጥቧል!» አለ። ድምፁ የአባቱ ነበር።

በሽር ወደ ሌላ ጎን ዞረና በጀለቢያው እጅጌ ፊቱን ጠረገ። ከዚያ ወደኔ መጥቶ የድንጋዩን ክምር አየ።

«በቃ አንቺ ሴት፤ ለካሚዮኑ ካብ ሠራሽለት እኮ።»

«ልጄ ከሥሩ አልወጣም» አልኩት። «ጨምሩ።»